ረጅሙ ቃልና የመቱ ተማሪ

መቱ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ የባዮሎጂ መጽሐፉን ሲገልጥ «ፎቶሲንተሲስ» ይጋረጥበታል። እስከ ስምንተኛ የተማረው በአፋን ኦሮሞ ነው። ከዘጠነኛ ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆነ። ፊደሉን አሳምሮ ያውቀዋል፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የሚሠራበት ቁቤ ያው የላቲን ፊደል ነው፣ ድምፁ ግን ሌላ። ፒና ኤች ሲከታተሉ እንግሊዝኛው «ፍ» ይላል፣ ቁቤ «ጵ»። ሲን ቁቤ «ጭ» ይላታል፣ ኤክስን «ጥ»። ደግሞም ቁቤ ታማኝ ነው፤ የረዘመውን አናባቢም የጠበቀውን ተነባቢም ደግሞ ይጽፋል። (የእኛ ፊደል ግን «አለ» ይጥበቅ ይላላ ለአንባቢው ትቶታል።) እንግሊዝኛ የጻፈውን አይልም። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን የተማረውን ስላከበረ ይሳሳታል።

ጎሬ ያሉ ሀሁ የቆጠሩ አባቶችም ስፖርትን «እስፖርት» ይሉታል። ልጆቻቸውም በቁቤ ሲጽፉት ከፊቱ «ኢ» ይጨምራሉ።

ብዙ መምህር ቃሉን ጮክ ብሎ ይላል፣ ክፍሉ ይቀበለዋል፤ እንደ መዝሙር። መስበር ይሻላል፤ መስበር ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በአፍ፦ ፎ-ቶ-ሲን-ተ-ሲስ፣ አምስት ቀለም። ሌላው በአሠራር፦ ከግሪክ ፎቶ ብርሃን፣ ሲን አንድ ላይ፣ ተሲስ ማኖር። እዚህ ላይ ሁለቱ ይገጥማሉ። ሄሊኮፕተር ላይ አይገጥሙም፤ አፍ ሄ-ሊ-ኮፕ-ተር ብሎ ይከፍለዋል፣ የተሠራው ግን ከ«ሄሊኮ» ጠመዝማዛና ከ«ፕተር» ክንፍ ነው። ጫናውም ይሰደዳል፤ ፎቶግራፍ ላይ መጀመሪያው ቀለም ላይ ያርፋል፣ ፎቶግራፊ ሲሆን ሁለተኛው ላይ፣ ፎቶግራፊክ ሲሆን ሦስተኛው ላይ። የተተወው አናባቢ ይደበዝዛል።

ልጁ ቃል መገጣጠም አያውቅም ማለት ግን አይደለም። «በረታ» ተማሪ፣ «በርሲሳ» አስተማሪ፣ «በሩምሳ» ትምህርት፤ በአንድ ሥር ላይ ጅራት ሲቀጠል እየሰማ ነው ያደገው። ከዚህ የሚነሳ መምህር ግማሹን መንገድ በነፃ ያገኛል። እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ አፋን ኦሮሞ መናገርን እንደ ጥፋት የሚቆጥረው ግን ድልድዩን በገዛ እጁ ያፈርሳል።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በቃል አከፋፈል ማሳበብ ቀልድ ይሆናል። ነገር ግን ጥያቄው ላይ ያለውን ቃል ማንበብ ያቃተው ልጅ ባዮሎጂ አያውቅም ተብሎ ይጻፍበታል። ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ምግቧን እንደምትሠራ ግን ገና ስምንተኛ ሳይደርስ በቋንቋው ተምሮታል።