ውሃ ይሉኝታ የለውም

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከበው የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። የእኔ ቤት ቡራዩ፣ የሙሽራው ወላጆች ቤት ደግሞ ሰበታ ነው። በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር ልጄን ስድር ድንኳኑ የት ይተከል እያልን ስንመካከር፣ ሙሽሮቹ «ጣና ላይ፣ በጀልባ፣ ሃያ ሰው ብቻ ይዘን» አሉን።

ያስደነገጠኝ ውሃው አልነበረም። ባለቤቴ ባረፈ ጊዜ እስከ አርባው ድረስ ከቤቴ ያልተለዩ የዕድር እናቶች አሉ። እነርሱን ትቼ እንዴት እድራለሁ? ልጄ ግን «እማዬ፣ ለአንድ ቀን ድግስ የሦስት ዓመት ዕዳ ልትገቢ ነው?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ስለዚህ ከጉዞው በፊት በየቤታቸው ሄጄ ራሴ ነገርኳቸው። አብዛኞቹ መረቁኝ። አንዷ ግን ሲኒዋን አስቀምጣ ዝም አለች።

የባሕር ዳር መንገድ እንጦጦን ተሻግሮ በሱሉልታ ሜዳ ያልፋል። በጥር የድርቆሹ ክምር ግራና ቀኝ ተደርድሮ ይታያል። ከዚያ ፍቼንና ጎሐ ጽዮንን አልፈን ዓባይ በረሃ ወረድን፤ በደጀንና በደብረ ማርቆስ አድርገን ማታ ባሕር ዳር ገባን። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። የሚጓዝ ሰው የመንገዱን ሰላም አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።

የጣና ታንኳ ከደንገል የሚታሰር ጥንታዊ መጓጓዣ ነው። በ1961 ዓ.ም. ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ አትላንቲክን ለመሻገር «ራ» የተባለችውን ጀልባ ያሠራው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር። ይሁን እንጂ ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከሥራ በኋላ ከውሃ ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ለእድምተኛ አይሆንም። ስለዚህ ሙሽሮቹ በታንኳው አጠገብ ፎቶግራፍ ከተነሱ በኋላ ሁላችንም ወደ ሞተር ጀልባው ገባን።

ጀልባ ነጂው የመንሳፈፊያ ሰደርያዎቹን ቆጥሮ «ሃያ ነው፤ አንድ ሰው አይጨመርም» አለ። በድንኳን ቢሆን ኖሮ «ጠጋ በሉ» እንባባል ነበር፤ ውሃ ግን ይሉኝታ የለውም። ማዕበሉ ሳይነሳ በጧት ወደ ዘጌ አመራን። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ ዘጌ ያለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሴቶችንም ይቀበላል። ይህን ሳያውቁ የሚሄዱ እናቶች ጀልባ ላይ ተቀምጠው ይቀራሉ። ሽማግሌዎች መርቀው ቀለበቱ ሲታሰር የእያንዳንዱን ሰው ፊት አየሁ። በትልቅ ድግስ ቢሆን ኖሮ ከወጥ ቤት ብቅ ብዬ ለማየት እንኳ ጊዜ ባላገኘሁ ነበር።

ስንመለስ ቤቴ ቄጤማ ተጎዝጉዞበት፣ ቡናው ተፈልቶ ቆየኝ። ድፎ ዳቦውን ጋግራ ያመጣችው ያቺ ዝም ያለችው ጎረቤቴ ነበረች፤ ስሄድ የቤቴን ቁልፍ የተውኩት ለእርሷ ነበር። «ጀልባው ጠበበ እንጂ ቤትሽ መች ጠበበ!» አለችኝ።

እናቶች ሆይ፣ ሠርግ ቢያንስ ነውር የለበትም፤ ዕዳም ይቀንሳል። ያልጠራችሁትን ሰው ግን በር አንኳኩታችሁ ራሳችሁ ንገሩት። ጎረቤት የሚቀየመው ወሬውን ከሌላ ሰው ሲሰማ ነው።