የቢጫዋ መብራት ምስክርነት

ከ395 አውራ ጎዳና ዳር፣ ላንድማርክ ለምንኖር ሐበሾች መኪና የታክሲ ነጂው እንጀራ፣ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛዋ እግር ነው። ቢጫዋ የሞተር መብራት ስትበራ ልባችን ከኪሳችን ጋር አብሮ ይደነግጣል፤ እርሷ የበራችበት መኪና በአሌክሳንድሪያ በየሁለት ዓመቱ የሚደረገውን የጭስ ምርመራ አያልፍምና።

ቀይዋ የዘይት መብራት ቀጠሮ አትሰጥም፤ ወዲያው ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ነው። ቢጫዋ ግን ብልጭ ድርግም ካላለች ለመጠየቅ ፋታ ትሰጣለች። ከእ.ኤ.አ. 1996 ወዲህ በተሠሩ መኪኖች ኮምፒዩተሩ የሚመዘግበው ኮድም ምልክቱን እንጂ ጥፋተኛውን አይናገርም። ፒ 0420 የጭስ ማጣሪያውን ቢከስም፣ ምክንያቱ የተበሳ ጭስ ማውጫ ወይም አንዲት ሴንሰር ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም።

አንዱ ጋራዥ፣ ማር በሚመስል አማርኛ፣ ኮዱን ብቻ አንብቦ የማጣሪያ ዋጋ ጠራልኝ። ሌላው፣ ቋንቋዬን የማያውቅ መካኒክ፣ ከመኪናው ሥር ገብቶ የጭስ ማውጫውን ቀዳዳ በባትሪ አብርቶ አሳየኝ። በአገር ልጅነት መተማመን ስደት ያስተማረን ደግ ልማድ ነው፤ ይሁንና እምነታችንን መስጠት የሚገባን ዕቃ ከመቀየሩ በፊት ለሚፈትሽ፣ ዋጋውን በጽሑፍ ለሚሰጥ፣ አሮጌውን ለሚያስረክብ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከየትም ይምጣ፣ ስሙን ለጎረቤት ማቀበል ዕዳችን ነው።