ግማሽ ሊትር

ታላቅ እህቴ ባሕር ዳር፣ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ወልዳ ደሙ አልቆም አላት። አዋላጇ ሆዷን እያሸች ኦክሲቶሲን ጨመረችላት፤ እኔን «ትንሽ ነው፣ አትደንግጪ» አለችኝ። ሦስት አንሶላ ተቀይሮ ነበር። እህቴ በሰው ደም ተረፈች።

ከወለዱ በኋላ ግማሽ ሊትር ደም ከፈሰሰ አደጋ ነው። አንሶላ የጠጣውን ግን ማን ይለካዋል? በዓይን ሲገመት ብዙ ጊዜ ያንሳል። በ2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነ፣ ኬንያንና ታንዛኒያን ጨምሮ በ4 የአፍሪካ አገራት የተደረገ ጥናት ከእናቲቱ ሥር መለኪያ ያለው ፕላስቲክ አነጠፈ፤ ደሙ ልኩን ሲያልፍ ማሸቱም መድኃኒቱም በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽም ባንዴ ተጀመረ። ከባድ መድማት፣ ደሙን ለማቆም ሆድ መክፈትና ሞት ተደምረው በ60 በመቶ ቀነሱ። ፕላስቲክ እኮ ነው!

ከደቅ ደሴት ሪፈር የተጻፈላት እናት ደግሞ ጣናን በጀልባ ማቋረጥ አለባት። ልኬቱ እዚያ፣ ጀልባው ሳይነሳ ቢጀመር ደስ ይለኛል።