ትርፍ ሥጋ የመሰለን ሽፋን

በቀይ አፈር ፈረስ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ የሐሙሱም ገበያ የሚሞላው በከብት፣ በፍየልና በማር ነው። ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. በወርኀ ጥቅምት፣ አንድ ሰኞ ማለዳ ፈረሳችን የግራ ዐይኑን ጨፍኖ እንባ ሲያፈስ ባገኘነው ጊዜ የምናማክረው ሰው በቅርብ አልነበረም። እኛም ከዲቁናው ትምህርት ጎን ለጎን ከብት ጠብቀን ያደግን ነንና፣ «ዝንብ ነክሶት ይሆናል፤ ነገ ይተወዋል» ብለን አለፍነው። ማክሰኞም ይህንኑ ደገምነው። ረቡዕ ግን የዐይኑ ቆብ አብጦ፣ ሽፋሽፍቱ ወደ ታች አዘንብሎ፣ በአፍንጫው በኩል ካለው የዐይኑ ማዕዘን ቀይ ሥጋ ብቅ ብሎ አየን።

ሐሙስ ዕለት ከገበያተኛው መካከል ፈረስ ዐውቃለሁ የሚሉ አንድ ሽማግሌ መጡና፣ «መምህር፣ ይህ ትርፍ ሥጋ ነው፤ በመርፌ ስቦ በምላጭ ማንሣት ነው» አሉን። ምክራቸው ከክፋት የመጣ አልነበረም፤ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። እኛም ራሱን ልንይዝ ቀረብን። ምላጩ ሲወጣ ግን ልባችን ፈራ። «አባቴ፣ አንድ ቀን ይታገሡን» ብለን በማግሥቱ ከጂንካ የእንስሳት ሐኪም አስመጣን።

ሐኪሙ የማደንዘዣ ጠብታ ጨምሮ ቆቡን ቢገልጠው፣ ከሥሩ የግራር እሾህ ስባሪ ተገኘ። ትርፍ ሥጋ ያልነውም ፈረስ ሁሉ አብሮት የሚፈጠር ሦስተኛ የዐይን ሽፋን ነበር። ሥራውም ዐይንን መጥረግ፣ እንባን ማዳረስና ብሌንን መከለል ነው። ዐይን ሲታመም ወደ ውስጥ ይሸሻልና ሽፋኑ ይገለጣል። እንግዲህ እርሱን የሚቆርጥ ሰው ዘበኛውን ያባርራል እንጂ ሌባውን አይዝም።

ከሐኪሙ የተማርነው ይህ ብቻ አይደለም። ሽፋኑ በሁለቱም ዐይኖች ላይ ቢወጣ፣ አንገቱም ደርቆ መንጋጋው ቢጠብቅ፣ ነገሩ መንጋጋ ቆልፍ ሊሆን ስለሚችል ሰዓት አይሰጥም። ቆቡ ተቀዶ ቢንጠለጠል ቍራጩን ማንሣት አይገባም፤ ሐኪም ሲሰፋው ይድናልና። በቆቡ ጠርዝ ላይ የማይድን ቍስል ወይም እባጭ ቢታይ፣ ቢችኔ ወይም ነቀርሳ እንዳይሆን መመርመር ያሻል። ለሰው የታዘዘ ቅባትም አይደረግበት፤ ኮርቲዞን ያለበት እንደ ሆነ የተጫረውን ብሌን ያባብሰዋልና።

ሐኪም እስኪመጣ የባለቤቱ ድርሻ ፈረሱን በጥላ ማሰር፣ እንዳይፋተግ መጠበቅ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃና በንጹሕ ጨርቅ እድፉን ማጽዳት ነው። ጨው ወይም የቅጠል ጭማቂ ማግባት ጉዳት ነው። ከሁሉም በላይ፣ የተጨፈነ ዐይን የዚያው ቀን ጉዳይ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ፈረሳችን ማየቱን አላጣም፤ ሆኖም በብሌኑ ላይ ነጭ ጠባሳ ቀርቷል። ሰኞ ዕለት ሐኪም ጠርተን ቢሆን ኖሮ ምናልባት ባልቀረ ነበር። ተማሪዎቻችንን «ነገ አትበሉ» እያልን ስንመክር የኖርን እኛ፣ ውሃ ልናጠጣው በቀረብን ቍጥር ያን ጠባሳ እናያለን።