ኔትወርክ ሲጠፋ መዝገቡ የት ነው?

ሽሮ ሜዳ ላይ ለሸማኔ ክር ሰጥቶ ነጠላ የሚረከብ ነጋዴ፣ ንብረቱ ሱቁ ውስጥ ያለው ብቻ አይደለም፤ በየሸማኔው ቤት የተበተነውም ጭምር ነው። ይህን የሚመዘግብ የስልክ መተግበሪያ ለመሥራት ባለሙያዎች የጎግሉን ፍላተር ከፌስቡኩ ሪአክት ኔቲቭ ያወዳድራሉ። ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ኮድ ለአንድሮይድም ለአይፎንም ይሠራሉ። ለነጋዴው ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ለእሱ ዋናው ጥያቄ መዝገቡ የት ይቀመጣል የሚለው ነው። ሰኔ 2012 ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ፣ ሒሳቡን ውጭ አገር ሰርቨር ላይ ብቻ ያስቀመጠ ሰው ማን ስንት ክር እንደወሰደ ማየት አይችልም ነበር። ኤስኪውላይትን የመሰለ ስልኩ ውስጥ የሚቀመጥ ዳታቤዝ ግን ያለ ኔትወርክም ይመዘግባል።

መተግበሪያ ሊሸጥላችሁ የመጣ ካለ፣ ዳታውን አጥፉና «እስቲ አሁን መዝግብ» በሉት።