«ማን ነህ?» የሚለው ጥያቄ

በአንድ ገላ ውስጥ ሁለት ሰው ሊያድር ይችላልን? ይህ ጥያቄ የምሥጢራዊ ልብ ወለድን አንባቢ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ሲያስጨንቅና ሲያስደስት ኖሯል። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመው ድርሰት የተከበረው ሐኪም ጄኪል ራሱ በቀመመው መድኃኒት ጨካኙ ሃይድ ይሆናል። አሜሪካዊው ሮበርት ብሎክ በ1959 የጻፈው፣ አልፍሬድ ሂችኮክም በ1960 በፊልም ያቀረበው «ሳይኮ» ደግሞ የሞተች እናቱን በራሱ ውስጥ ይዞ የሚገድል ሰው ያሳየናል። ከዚያ ወዲህ «ገዳዩ ሌላው ማንነቱ ነው» የሚለው መልስ ለብዙ ደራሲያን የተዘጋጀ ቁልፍ ሆኗል።

የቁልፉ ምቾት ግልጽ ነው። ወንጀለኛው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በፊታችን ይመላለሳል፤ ያደረገውን ስለማያውቅም ሳይዋሽ ያታልለናል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሕመምተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር «ብዙ ስብዕና» ብሎ የመዘገበው፣ በ1994 ደግሞ ስሙ ወደ «የማንነት መከፋፈል» የተለወጠው ሕመም በአብዛኛው የሚያያዘው በልጅነት ከደረሰ ከባድና ተደጋጋሚ በደል ጋር ነው። ተበዳዩ በልብ ወለዱ ውስጥ በዳይ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ በጫኑባት በእንጦጦ ማርያም፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ካለው ጸበል ቆሜ ያዳመጥሁት ምርመራ ግን ሌላ ነው። ዝምተኛ የነበረች ወጣት ጸበሉ ሲያርፍባት በጎርናና ድምፅ ትጮኻለች። አጥማቂው «ማን ነህ? ከየት መጣህ? መቼ ያዝካት?» ይላል። ድምፁም እርሷ በገዛ አንደበቷ ልትናገር ያልደፈረችውን ዱላና ኀዘን ይዘረዝራል። ስትነቃ ምንም አታስታውስም።

ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 በጎንደር የዛር ባለሟሎችን ተመልክቶ፣ በ1958 ባወጣው መጽሐፍ ነገሩን ከተውኔት ጋር አነጻጽሮታል፤ ይኸውም ለታይታ ከሚቀርብ ተውኔት ይልቅ በሕይወት ከሚኖር ተውኔት ጋር። በመንፈስ መያዝና የማንነት መከፋፈል አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባም ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል። የሚያመሳስላቸው በሁለቱም ዘንድ የሰው አንደበት የራሱን ታሪክ በሌላ ስም መናገሩ ነው።

ይሁን እንጂ ጸበሉም ዘንድ አደጋ አለ። ድምፁ አንዳንድ ጊዜ «የላከችኝ እገሊት ናት» ይላል፤ በዚያች ቃል ብቻ አንዲት ምስኪን ጎረቤት ቡዳ ተብላ ከቡና ማኅበር ትገለላለች። ልብ ወለዱ በሕመምተኛው ላይ፣ መንደሩ በጎረቤቲቱ ላይ ይፈርዳል። ሁለቱም ቁስሉን ትተው ጥፋተኛ ያሳድዳሉ።

ይልማ ሀብተየስን የመሰሉ ደራሲያን የወንጀል ምርመራን ልብ ወለድ ለአማርኛ አንባቢ አስተዋውቀዋል። ተተኪዎቻቸው በዚህ ጭብጥ ላይ ብዕራቸውን ሲያነሡ፣ የምርመራው ፍጻሜ የእጅ ሰንሰለት ብቻ መሆን የለበትም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ በይፋ ተናግረው ነበር። እንዲሁ ሁሉ ካህኑና ሐኪሙ ከአንዲት ወጣት አጠገብ አብረው የሚቀመጡበት ምዕራፍ ሊጻፍ ይችላል። በዚያ ምዕራፍ መርማሪው «ማን ገደለ?» ከማለቱ በፊት «ይህችን ልጅ ለሁለት የከፈላት ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ምሥጢሩ አይቀንስም፤ ይጠልቃል እንጂ።