ጨረቃና ዝሁራ በላስታና በጅዳ ሰማይ

የአቡሻክርን ሐሳብ የተማራችሁ ሁሉ የሰባቱን ብርሃናት ስም ታውቃላችሁ። ቀመር፣ አጣርድ፣ ዝሁራ፣ ሸምስ፣ መሪኅ፣ መሽተሪ፣ ዙሐል ተብለው ይጠራሉ። በመጀመሪያ ስንማራቸው የግዕዝ ቃላት ይመስሉን ነበር። ነገር ግን አቡሻክር የ13ኛው መቶ ዓመት ግብጻዊ ክርስቲያን ነበርና፣ መጽሐፉ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ሲመለስ ስሞቹም አብረው ተሻግረው በጉባኤያችን ቀሩ። ይህን ነገር በልቤ ያጸናችልኝ በጅዳ ከተማ በሰው ቤት የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ናት።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። በወሎ አንድ ቤተ ዘመድ በሁለት ሃይማኖት መኖሩ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ይህች የአክስቴ ልጅ ሙስሊም ናት። በሕፃንነቴ በጀርባዋ ያዘለችኝ እርሷ ስትሆን፣ ከመነኰስሁ ወዲህ ግን «አባ» እያለች በአክብሮት ትጽፍልኛለች። የካቲት 15 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ከጅዳ ሰገነት ላይ በስልኳ ያነሣችውን ፎቶግራፍ ላከችልኝ። ጨረቃ በሁለት ብሩሃን ከዋክብት መካከል ትታያለች። ከሥሩም «አባ፣ የቤቱ ሰዎች የታችኛው ዙህራ፣ የላይኛው ሙሽተሪ ነው አሉኝ። ሦስቱ መግጠማቸው ለእኛ ለስደተኞች በጎ ነው ወይስ ክፉ? መጽሐፍ የሚለውን ይንገሩኝ» ብላ ጽፋለች።

በዚያው ምሽት እኔም በላስታ ተራራ፣ ከገዳማችን ቅጽር ሆኜ፣ በተዋስሁት ካሜራ እነዚያኑ ሦስቱን አንሥቼ ነበር። ማንሣቱ ትዕግሥት ይሻል። ምቹው ጊዜ ፀሐይ ከገባች ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ፈጽሞ ሳይጨልም ነው። የመሣሪያው ዓይን ለቅጽበት ብቻ ቢከፈት የጨረቃ ማጭድ ጥርት ብላ ትወጣለች፤ መሽተሪ ግን ይደበዝዛል። አንድ ሁለት ሴኮንድ ቢከፈት ከዋክብቱ ይጐላሉ፤ የጨረቃም ጨለማ ገጽ፣ ከምድራችን ተመልሶ በሚያበራው የፀሐይ ብርሃን ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ ማጭዷ ግን ከልክ በላይ ትነጣለች። ከዚያ እጅግ ቢዘገይ ምድር ስለምትዞር ከዋክብቱ እንደ ሰረዝ ይጐተታሉ። ስለዚህ ካሜራውን በድንጋይ ላይ አጽንቶ፣ ጣት እንዳያናውጠው ራሱ ቈጥሮ እንዲያነሣ ማድረግ ይገባል።

ከዚህ በኋላ ሁለቱን ሥዕሎች አስተያየሁ። ጅዳና ላስታ ሁለቱም በ39ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ አጠገብ ስለሚገኙ ሰዓታቸው አንድ ነው። የሚለያዩት በኬክሮስ ነው፤ እርሷ በ21 ዲግሪ ተኩል፣ እኛ በ12 ዲግሪ እንኖራለን፤ በመካከላችን 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። በእርሷ ሥዕል ዝሁራና መሽተሪ እንደ ዐምድ ቀጥ ብለው ሲቆሙ፣ በእኔ ሥዕል ወደ ቀኝ አዘንብለዋል። ጨረቃም ከሁለቱ መሥመር ወደ ግራ ፈቀቅ ብላለች፤ በእርሷ ሥዕል ግን ከእኔው ይልቅ የራሷን ስፋት ሲሶ ያህል ጨምራ ፈቀቅ ብላለች። ምክንያቱም ጨረቃ ከእኛ በአማካይ 384,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ስትርቅ፣ በዚያ ምሽት ዝሁራ 200 ሚሊዮን ያህል፣ መሽተሪም ከ800 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ነበር። ተመልካቹ ቦታ ሲለውጥ ቅርቡ ነገር የተንቀሳቀሰ ይመስላል፤ ሩቁ ግን ባለበት ይጸናል። እንግዲህ ሦስቱ ለዓይን ገጠሙ እንጂ በእውነቱ አልተገናኙም።

ይህንኑ ጻፍሁላት። ጨረቃ በየወሩ ሰማይን ስለምትዞር በየወሩ ለእያንዳንዱ ፕላኔት እንደምትደርስ፣ አስቀድሞ ተቈጥሮ የሚታወቅ ነገርም የሰው ዕድል ፈራጅ ሊሆን እንደማይችል አስረዳኋት። እርሷም «ክፉ አለመሆኑን ሰምቼ ተኛሁ» ብላ መለሰችልኝ። በሰው አገር፣ በሰው ቤት ለሚያድር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ ወር ቈይቶ መጋቢት 15 ቀን ሌላ ሥዕል መጣ። ረመዳን በዋዜማው ገብቶ ነበርና ለዑምራ መካ ወርዳለች። ወደዚያች ከተማ መግባት ለሙስሊሞች ብቻ የተፈቀደ ስለሆነ እኔ ላያት አልችልም፤ በሥዕሉ ላይ ያለውን ሰማይ ግን ዐወቅሁት። ጨረቃ ከላይ፣ ዝሁራ ከሥሯ ነበሩ። «ለእናቴም ለእርስዎም ዱዓ አድርጌአለሁ» ትላለች።

በዚያ ዓመት ሁለቱ ጾሞች ገጥመው ነበር። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ስለሆነ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። የእኛ ሊቃውንት ግን ያንኑ 11 ቀን አበቅቴ ብለው ይዘው፣ በ19 ዓመት ዐውድ ከፀሐይ ጋር ስለሚያስማሙት ጾማችን ከወቅቱ አይወጣም። የምንቈጥራት ጨረቃ ግን አንዲት ናት።

ሥዕሉን ለመምህራችን አሳየኋቸው። ከየት እንደ መጣ አልጠየቁኝም። «ሌሊቷ ስንት ነው?» አሉና በጣታቸው ቈጠሩ፤ ቀጥለውም «ልጅቱ ደኅና ናት?» አሉኝ። ወንድሞቼ ሆይ፤ ምእመናን ስለ ከዋክብት መግጠም ሲጠይቁን እንዲሁ እናድርግ፤ አስቀድመን በትክክል እንቍጠር፣ ቀጥለን ስለ ጠያቂው ደኅንነት እንጠይቅ።